በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው ዝሆን

የሙኔሞ ሥራ ዝሆን ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ሌላው የዛምቤዚ ወንዝ ዳር ሰው ዝሆን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሱ ግን ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አፈሩ ላይ ይዘረፈጣል። ከኋላው ደግሞ ከኬፕታውን፣ ከጆሃንስበርግ፣ ከባሕር ማዶም የመጡ እንግዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ይደረደራሉ፤ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ ቤት ይገዛል። በዚያ ጥብቅ ስፍራ ሰው ከመኪና ወርዶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አውሬ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድለታል። ስፍራው ስሙ የተጠራውም በዚህ ነው። ጠመንጃ የያዘ ዘብ ከጎን ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘቡ ጥርሱን በእንጨት ሲፍቅ ነው የሚውለው።

ሙኔሞን ሙኔሞ ያደረገው አንድ ወንድ ዝሆን ነው። የካምፑ ሠራተኞች "ደንበኛው" ይሉታል፤ እንግዶቹ ቁርስ ሲቀርብላቸው እሱም ሰዓቱን ሳያዛንፍ ብቅ ይላላ። የግራ ጥርሱ ከግማሹ ተሰብሯል። የግራሩ ፍሬ ሲበስል የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላ እግሮቹ ይቆምና ኩምቢውን እስከ ላይኛው ቅርንጫፍ ይሰዳል። ያን ግዙፍ ገላ በሁለት እግር ቆሞ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሙኔሞ ለዓመታት በየማለዳው ፊቱ እየተቀመጠ አለመደው። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ እንግዶቹ የዝሆኑን ሆድ ጩኸት እስኪሰሙ ድረስ። "ሰው አይፈራም እኮ!" ይላሉ እንግዶቹ እየተደነቁ። ሙኔሞም ደረቱን ይነፋል። አይ የሰው ነገር! አውሬ ሰውን መፍራት ሲተው እንደ ትልቅ ስጦታ እንቆጥረዋለን።

አንድ ጠዋት ደንበኛው በሁለት እግሩ እንደቆመ አቧራው ከኋላው ወርቅ መሰለ፣ ሙኔሞም አነሳው። ከዚያ የበለጠ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። የካምፑ ኃላፊ ዱንካን የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ሊያሳትምበት ፈለገ፤ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ አየና ግን ፊቱን አጨማደደ።

"ሙኔሞ፣ ዝሆኑ ከገጹ ወጥቶ እየሄደብኝ ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ አዙርልኝ።"

"ዝሆን እንዴት ብሎ ይዞራል?"

"በኮምፒውተር ነዋ! አታስቀኝ እንግዲህ።"

ሙኔሞ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ምስሉ እንደ መስታወት ተገለበጠ። ዝሆኑ ፊቱን ወደ ቀኖቹ መለሰ፣ የግራው ስባሪ ጥርስም የቀኝ ሆነ። ሙኔሞ ትንሽ ቅር አለው፤ ያንን እንስሳ ከነጠባሳው ያውቀዋላ። ግን አማረ። በጣም አማረ! ማን ያውቃል፣ ማንንስ ይጎዳል ብሎ ተወው። ፎቶ አንሺ ሁሉ ያደርገዋል ይላሉ።

ቀን መቁጠሪያው የማይሰቀልበት ግድግዳ ጠፋ። ክሊኒኩ፣ ሱቁ፣ የጥበቃ ጣቢያው፣ ቺሮንዶ መንደር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ሰቀለው። የሙኔሞ ታናሽ እህት ኔትሳይ ከምድጃዋ በላይ ነበር የሰቀለችው።

"ከባሌ ይልቅ የማየው እሱን ሆኗል" ትላለች ለመጣው ሁሉ። "ዚቫናይ እንኳ በሁለት እግሩ ሲቆም እንዲህ አያምርም።"

ባሏ ዚቫናይ ይስቃል። የዋህ ሰው ነው፤ ሚስቱን ደግሞ ይወዳታል። ኔትሳይ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ሰፊ ሴት ነበረች። ወንዙ ዳር፣ ከመንደሩ ወረድ ብሎ በእሾህ ያጠረችው ማሳ አላት፤ ጎመኑና ቲማቲሙ የራሷን ቤት አልፎ የወንድሟንም ይመግባል። ወንድምና እህቱ ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ነው የቀበሩት። እሷን ያሳደጋት ሙኔሞ ነው። የዓለም ዝሆን ሁሉ ተሰብስቦ የኔትሳይን ጥፍር አያህልበትም ነበር፤ ይሄን ግን አንድም ቀን በአፉ ብሏት አያውቅም።

ግራሩ ፍሬውን ሊጨርስ ሲል ከደንበኛው ጆሮ ግንድ ጥቁር ፈሳሽ መውረድ ጀመረ። ይሄ የወንድ ዝሆን የሴት ፍላጎት ወቅት ነው፤ በዚያ ወቅት ያለን ዝሆን ሙኔሞ እንግዳ ይዞ አይጠጋም። አሣ አጥማጁ ማጂሳ ግን አመሻሽ ላይ ሞቅ ብሎት ከወንዝ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘውና "አንተ የቀን መቁጠሪያ! ዞር በል!" ብሎ ጮኸበት አሉ። አብሮት የነበረው ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተጥሎ ተረፈ። ማጂሳን በብርድ ልብስ ለቅመው ነው ያመጡት።

መንደሩ በቁጣ ነደደ። የወንዙ መንገድ ተዘጋ፤ ሴቶቹም ወደ ማሳቸው መውረድ ቀረባቸው። የጥበቃ ጣቢያው ሹም ንዶሮ ሙኔሞን አስጠራው። ንዶሮ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ከመጣ ገና ወራቱ ነው፤ የአካባቢውን ዝሆኖች አንዱን ከአንዱ አይለይም፤ ሰዎቹም እንደዚያው።

"ሳማኛንጋ፣ ተቀመጥ" አለው። ሳማኛንጋ ማለት ባለጥርሱ ማለት ነው፤ የዝሆን ጎሳ የሆነን ሰው አክብረው ሲጠሩት እንዲህ ይላሉ። "ለምን እንደጠራሁህ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

"የተረፈው ሰውዬ 'የካምፑ ነው፣ ያ ፎቶ የሚነሳው' ይላል። እውነት ነው?"

ሙኔሞ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዱካውን ራሱ ሄዶ አይቷል።

"ዱካውን እያየን እስከ ግራሮቹ ሄደን ነበር። እዚያ ግን ወንድ ዝሆን እንደ ገበያ ነው። የማንም ነፍስ በከንቱ እንዲጠፋ አልፈልግም። ምልክቱን ንገረኝ።"

ሙኔሞ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የዝሆን ጎሳ ሰው ዝሆን አይገድልም፤ ሥጋውን አይቀምስም፣ የተጋደመ ዝሆን አጠገብም አይደርስም። አባቱ ሲመሰገን በዝሆን ስም ነው፤ የአባቱ አባትም እንደዚሁ። አሁን ደግሞ ያ ዝሆን ማንም ዝሆን አይደለም፣ ደንበኛው ነው። ይገደል መባሉን አምኖበታል፤ ማጂሳን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊል! ግን ስሙን ጠርቶ፣ መልኩን ዘርዝሮ ለጠመንጃ መስጠት ወንድምን አሳልፎ እንደመስጠት ሆነበት።

"ንዶሮ፣ እኔ ይሄን ነገር በአፌ አልለውም።"

"በአፍህ አትበለው። አሳየኝ።"

ሙኔሞ አገጩን ወደ ግድግዳው አነሳ። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

"የቀን መቁጠሪያው?"

"እሱ ነው" አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በሩን ሳይዘጋው እንባው ቀደመው።

ንዶሮ ሰዎቹን ጠርቶ ግድግዳው ሥር አቆማቸው። "ልብ ብላችሁ እዩ። የቀኝ ጥርሱ ስባሪ ነው። ሌላ እንዳትነኩ!" አላቸው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሙኔሞ በር ላይ አንዲት አፍታ ቢቆይ፣ አንዲት "ግራ" የምትል ቃል ቢተነፍስ ኖሮ! ግን ቀን መቁጠሪያውን ለወራት በየግድግዳው ሲያየው ከርሟል፤ የገለበጣት ቀን ከሐሳቡ ወጥታ ነበር። እሱ ግድግዳው ላይ የሚያየው ደንበኛውን ብቻ ነው።

በወንዙ መሐል ካሉት ደሴቶች በአንዱ ደግሞ የቀኝ ጥርሱ የተሰበረ ሽማግሌ ዝሆን ነበር። ሰው ሲያይ ፊቱን አዙሮ ሸምበቆ ውስጥ የሚገባ፣ ማንንም ነክቶ የማያውቅ። የግራሩን የመጨረሻ ፍሬ ሊለቅም ውሃውን ተሻግሮ መጥቷል።

የተኩሱ ዕለት ሙኔሞ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ትንሽ ቆይቶ የሰው ጫጫታ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የሚሮጡ እግሮች። መንደሩ በሙሉ ቢላውንና ገንዳውን ይዞ ወጣ፤ ማጂሳን የቀበሩ ሰዎች ናቸውና ማን ይፈርድባቸዋል? አመሻሹ ላይ የዝሆኑ አጥንት ብቻ ቀረ፤ ጥርሱን ንዶሮ ወስዶ ቆለፈበት። ደንበኛውን ጭለማ ውስጥ ቢያየው እንኳ የሚለይ አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አልጋው ላይ ነበር።

ዚቫናይ ጎሳው ሌላ ስለሆነ ድርሻውን ይዞ ሲመጣ ኔትሳይ ከደጅ መለሰችው።

"ያንን ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ! ከአባቴ ሥጋ ጋር አልተኛም። ጎረቤት ሂድና እዚያው ብላ፣ አፍህንም ታጥበህ ና።"

"ከሳድዛው ገንፎ ጋር ትንሽ ብቻ…"

"ዚቫናይ!"

ሄደ። ኔትሳይም ወንድሟን ልታይ መጣች፤ ተከትሏት ቶባይዋ ገባ። ቶባይዋ የቤተሰቡ ሳህዊራ ነው፣ ማለትም ከአያት የወረደ ወዳጅ። ሳህዊራ ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል። በሠርግ ይሳደባል፣ በለቅሶ ያስቃል፤ ማንም አይቀየመውም።

"ሳማኛንጋ!" አለ ቶባይዋ ሆዱን እየደበደበ። "አባትህን በላነው። ምን ዓይነት ሥጋ ነው በእግዚአብሔር? ጫማ! ያረጀ፣ የጃጀ። መንጋጋዬ ወለቀ። ፎቶው ላይ ጎረምሳ ታስመስለዋለህ እንጂ…"

"ተወኝ!" አለ ሙኔሞ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ። "ቶባይዋ፣ ተወኝ፤ አልሰማም።"

"ተወው እንግዲህ" አለች ኔትሳይ። ወንድሟ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘችው። ከዚያ እንዲህ አለችው፦ "ወንድምዬ፣ ጎመኔ ደርቆ አለቀ። ንዶሮ መንገዱ ተከፍቷል ይላል። እኔ ግን የማምነው አንተን ነው። ጠዋት ልውረድ?"

"ውረጂ።"

"እሱ ነው አይደል የገደሉት?"

"እሱ ነው አልኩሽ እኮ! ራሴ ነኝ ያሳየኋቸው። ውረጂ።"

በንዴት ነበር ያላት። ሐዘኑን የሚያወጣበት ቢያጣ በእሷ ላይ አወጣው። እሷም ገብቷታል፤ ግንባሩን ነካ አድርጋው ወጣች።

በማግስቱ ሙኔሞ ሥራ ገባ። እንግዶች የያዘ ሌላ አስጎብኚ ስለነበረ እሱ ካምፑ ውስጥ ሌንስ ሲወለውል አረፈደ። ፀሐይ ከረር ሲል እንግዶቹ ተመለሱ። አንዲት በየዓመቱ የምትመጣ የኬፕታውን ሴትዮ ቡናዋን እንኳ ሳትቀዳ እየሳቀች ወደ እሱ መጣች።

"እናንተ ውሸታሞች! ዱንካን ደንበኛው ተገደለ ብሎ ትናንት ሙሉ ቀን አስለቀሰኝ። አልሞተም እኮ! ይኸው፣ እየው።"

ካሜራዋን ሰጠችው። ሙኔሞ ትንሿን ምስል ተመለከተ። መጀመሪያ የድሮ ፎቶ መሰለው። ምስሉን አሰፋው። ጆሮ ግንዱ ላይ ፈሳሹ ትኩስ ነው፤ የግራው ጥርስ ስባሪ ላይ ጭቃ አለ። በዚያች ቅጽበት ዱንካን "ወደ ውስጥ አዙርልኝ" ሲለው፣ ጣቱ ቁልፏ ላይ ስታርፍ፣ ግራው ቀኝ ሲሆን አንድም ሳይቀር ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

"የት ነው ያነሳሽው?"

"ወንዙ ዳር ነዋ፤ ከዚያ ከጎመን ማሳዎቹ በታች። ምነው ሙኔሞ? አመመህ እንዴ?"

ሙኔሞ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለና የካምፑን መኪና አስነስቶ በአጥሩ በኩል ወጣ። ዱንካን "ወዴት ነው? ኧረ ሰውዬው አብዷል!" እያለ ከኋላው ሮጠ። ሙኔሞ እየነዳ ይጸልይ ነበር፤ ማንን እንደሚለምን ግን አያውቅም። ዛሬ አሟት ቀርታ በሆነ። ከዚቫናይ ጋር ተጣልታ በሆነ። ስንፍና ይዟት፣ ተኝታ፣ ጎረቤት ወሬ ይዛ በሆነ! ኔትሳይ ግን ሰንፋ አታውቅም።

የማሳዋ እሾህ አጥር ተረግጦ መሬት ላይ ተነጥፏል። ባልዲዋ ጠፍጣፋ ሆኖ መንገዱ ላይ ተገኘ። እሷን ቲማቲሙ ረድፍ መሐል አገኛት። ፊቷ ምንም አልሆነም፤ ከደረቷ በታች ያለውን ግን ሙኔሞ አንድ ጊዜ አይቶ ሸሚዙን አውልቆ ሸፈነው። እጇ ገና ይሞቃል። "ኔትሳይ" አላት። "ኔትሳይ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

ከሸምበቆው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማ። ደንበኛው የእሷን ጎመን አፉ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። ሙኔሞን አየው። እንደ ወትሮው ቀስ እያለ መጣና እንግዶቹ በሚቀመጡበት ርቀት ላይ ቆመ። ጎኑን ሰጠ፤ ኩምቢውን ወደ ዛፉ ሰደደ። ፎቶ ሊነሳ! ያ ሁሉ ዓመት ያስተማረውን ነው የሚያደርገው፤ ሌላ ምን ያድርግ?

"ፍራ!" ብሎ ጮኸበት ሙኔሞ። "ፍራኝ እንጂ! ሂድ! ሰው ነኝ፣ ፍራኝ!" ጓል አነሳና ወረወረበት፤ ሌላም ወረወረ። ጓሉ ቆዳው ላይ ፈረሰ። ደንበኛው ጆሮውን አርገበገበ፣ ምን ሆነሃል እንደማለት ትንሽ አየውና እያኘከ ወደ ሸምበቆው ተመለሰ። ሙኔሞ እህቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ።

ንዶሮና ሰዎቹ ሲደርሱ እዚያው ነበር። ንዶሮ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሳማኛንጋ፣ ምን ይባላል? ያኛውን ገድለን ገና ደሙ ሳይደርቅ ሌላ መጣ። ይሄ የዕድል ነገር ነው።"

ሙኔሞ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መልሶ እህቱ ላይ አጎነበሰ።

መንደሩም እንደዚያው አለ። ሌላ ዝሆን ነው፣ የተገደለው ዘመድ ሊበቀል መጥቶ ነው አሉ። አንዳንዱም መጀመሪያ ማጂሳን የበላው ጥንቆላ ነው እሷንም የበላት አለ። ሌሊቱን ሬሳው ቤት ውስጥ ተጋድሞ ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ሲዘምሩ አደሩ። ዚቫናይ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፊት እንደሚገባው ዝቅ ብሎ፣ እጁን አጨብጭቦ ሙኔሞን አጽናናው። "ምን ታደርግ ነበር አንተ? አንተ ያለ ጥፋትህ አትቃጠል" አለው። ዚቫናይ ቢረግጠው፣ ፊቱ ላይ ቢተፋበት ለሙኔሞ ይሻለው ነበር።

ጠዋት ለቅሶተኛው ግቢውን ሞላው፤ ንዶሮም መጥቶ ነበር። ቶባይዋ ከጓዳ ወጣ። የኔትሳይን ቀሚስ ለብሷል፣ ሻሿን አስሯል፣ ጡቱ ላይ ሁለት ቲማቲም ወትፏል። ልክ እንደ እሷ ዳሌውን እየሰበቀ፣ እንደ እሷ እየተጣደፈ ግቢውን አቋረጠ፤ ሴቶቹ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባቸው ተንጫጩ። የሳህዊራ ወጉ ነው፤ የሞተውን አስመስሎ አንድ ጊዜ መልሶ ያመጣዋል።

"ዚቫናይ!" አለ በእሷ ድምፅ። "ማነው ሳድዛ የሚያገነፋልህ አሁን? ያቺ የምታያት ጎረቤት? እሷ እኮ ውሃም ታሳርራለች!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዚቫናይም እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ቶባይዋ ዞሮ ሙኔሞ ፊት ቆመ፤ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

"እህ፣ ጌታው ፎቶ አንሺ! ዝሆን ስታነሳ፣ ከርከሮ ስታነሳ፣ የወፍ ቂጥ ስታነሳ ኖርክ። አንድ ቀን እኔን አንሳኝ ስልህ 'ብርሃኑ አይመችም' አልከኝ። ይኸው፣ ብርሃኑ ተመቸህ?"

ሰዉ አጨበጨበ። እንዲህ ሲባል ሐዘንተኛው ሳንቲም ወርውሮ ሳህዊራውን ያባርራል፤ ሁሉም ያንን ጠበቀ። ሙኔሞ ግን ተነሳ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት" አለ።

"ሰማችሁ?" አለ ቶባይዋ ለሰዉ እየዞረ። "ዝሆኑ አይደለም፣ እሱ ነው! በየትኛው እግርህ ረገጥከኝ ወንድምዬ?"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

"ፎቶው የተገለበጠ ነው" አለ ሙኔሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው። ገልብጬዋለሁ። የተገደለው ሌላ ነው፣ ምንም ያላደረገ ሽማግሌ። ደንበኛው አልሞተም። እሷን የገደላት እሱ ነው። እኔ ውረጂ አልኳት።"

"ተገለበጠ!" አለ ቶባይዋ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቂጡን እያወዛወዘ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። "እኔም ተገልብጫለሁ! የቱ ነው ፊቴ?" አሮጊቶቹ ጎናቸውን ይዘው ተንከተከቱ፤ አንዷ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ሙኔሞ ቆሞ ጠበቀ። ቶባይዋ አንገቱን መልሶ አየው፣ መወዛወዙንም ተወ። በሕይወቱ ለቅሶ ላይ አፍሮ የማያውቅ ሰው ሻሹን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታ። ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከዚያ ንዶሮ አጠገብ ያሉት። ከኋላ ያሉት ምንም ሳይሰሙ ትንሽ ቆይተው ሳቁና እነሱም ዝም አሉ።

ዚቫናይ ሬሳው ያለበት ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር። "ምንድን ነው የሚለው?" ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። ሰውየው መሬት መሬት አየ። "ኧረ እባካችሁ፣ ምን አለ?"

ሙኔሞ ግቢውን አቋርጦ ሄደና ዚቫናይ ፊት ተንበረከከ፤ ሁለት እጆቹንም ዘርግቶ ግራውንና ቀኙን እያሳየ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።